ለአሳ መስታወት የሚሆን አሸዋ ማዘጋጀት፦ የጅማ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 — ልክና ግዢ

መስታወቱ፣ ማለትም አሳው የሚኖርበት የመስታወት ሣጥን፣ በውጭ 80 በ35 በ40 ሴንቲሜትር ነው፤ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር። የመስታወቱ ውፍረት ሲቀነስ የወለሉ ስፋት 2,660 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በአማካይ 4 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው አሸዋ ለማንጠፍ 10.6 ሊትር ይፈልጋል። ደረቅ አሸዋ በሊትር ከ1.5 እስከ 1.6 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ተጣርቶ የሚያስፈልገው 17 ኪሎ አካባቢ ነው። የግንባታ አሸዋ ተነፍቶና ታጥቦ ሲያልቅ ከግማሹ በታች ሊተርፍ ስለሚችል አንድ ሙሉ የማዳበሪያ ጆንያ፣ 50 ኪሎ የሚይዘው፣ ተገዝቷል። ቢተርፍ አይበላሽም፤ ቢጎድል ግን ሥራውን ሁሉ እንደገና መጀመር ነው።

ጅማ ላይ የሚሸጠው አሸዋ ምንጩ አንድ አይደለም። ከጋምቤላ፣ ከጨዋቃ፣ ከወራቤ የሚጫን አለ። ለግንበኛ ልዩነቱ የዋጋና የጥንካሬ ነው፤ ለአሳ ግን ሌላ ነው። በወንዝ ተንከባሎ የመጣ አሸዋ ጠርዙ የደነዘዘ ስለሆነ መሬት እየጫረ የሚበላ አሳን አፍ አይጎዳም። ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚመጣው የእሳተ ገሞራ ብናኝና አየር የያዘ ቀላል ጠጠር ይቀላቀልበታል፤ ይህ ጠጠር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ድንጋይ ተፈጭቶ የወጣ አሸዋ ደግሞ ጠርዙ ስለት ነው፤ ዋጋው ቢረክስም ይቅር። ሻጩ ምንጩን ካላወቀ አንድ እፍኝ አርጥቦ መዳፍ ላይ ማሸት ይበቃል፤ የሚቧጥጥ ከሆነ አይሆንም። ቀለሙን ማሳደድ ዋጋ የለውም። ነጭ አሸዋ የሚፈልግ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ነጭ አሸዋ ላይ የአሳ ኩስ ጎልቶ ይታያል፣ አሳውም ቀለሙ ደብዘዝ ይላል። ቡናማና ግራጫ የተቀላቀለበት ይሻላል።

ከራሱ ከወንዙ ዝቆ ማምጣት ለምን ቀረ? የአዌቱ ወንዝ ከተማውን አቋርጦ ሲያልፍ የቤት ፍሳሽም የጋራዥ ዘይትም ይገባበታል። በአሸዋ ጥራጥሬ ላይ የተለጠፈ ዘይት በውሃ ብቻ አይለቅም፤ በሳሙና ማጠብ ደግሞ ለአሳ ከዘይቱ የማይተናነስ ጣጣ ነው። ወደ ገጠር ወጣ ቢባል እንኳ አሁን ወቅቱ የቡና ነው። እሸት ቡና የሚፈለፍሉና የሚያጥቡ ጣቢያዎች ፍሳሻቸውን ወደ ጅረት በሚለቁበት ጊዜ ከታች በኩል ያለው አሸዋ ጠቁሮ፣ ኮምጥጦ የሚሸት ይሆናል። የቡናው ሥጋ ስኳር ነው፤ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳል። ሌላው ቢልሃርዚያ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ቀስ ብሎ በሚሄድ ውሃ ዳር ስለሚኖር ጓንትና ቦቲ ሳያደርጉ ገብቶ አሸዋ መዛቅ ተገቢ አይደለም። ተዝቆ ሳምንታት ፀሐይ ላይ የከረመ የነጋዴ አሸዋ ከዚህ ስጋት ነፃ ነው ማለት ይቻላል።

ቅዳሜ ከሰዓት — የደለል ፍተሻ

ጎኑ ቀጥ ያለ የማርማላታ ጠርሙስ ተወሰደ። አሸዋ እስከ 5 ሴንቲሜትር፣ ከዚያ ውሃ እስከ አንገቱ፣ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው። ክዳኑን ገጥሞ አንድ ደቂቃ በኃይል መናጥ፣ አስቀምጦ 3 ሰዓት አለመንካት። ጨው የሚገባው ሸክላው ቶሎ እንዲዘቅጥ ነው፤ የሸክላ ቅንጣቶች እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተንሳፍፈው ይውላሉ፤ ጨው ሲገባ ግን ይያያዛሉ፣ ከብደውም ይወርዳሉ።

ውጤት፦ ከ50 ሚሊሜትር አሸዋ በላይ 6 ሚሊሜትር ቀይ ደለል። ይህ 12 በመቶ ነው። የኢትዮጵያ የግንባታ ደረጃ ደለሉ ከ6 በመቶ የበለጠ አሸዋ ይታጠብ ወይም ይመለስ ይላል፤ ስለዚህ ይህ ለቤት ሥራ እንኳ ሳይታጠብ የማይሆን ነው። ለአሳ ሲሆን ሒሳቡ ይከፋል፦ በ17 ኪሎ ውስጥ 2 ኪሎ ጭቃ አለ ማለት ነው፤ ወደ 100 ሊትር በሚጠጋ ውሃ ውስጥ ግን 2 ግራም ሸክላ ብቻ ቢቀር ጭጋጉ ለዓይን ይታያል። ማጠብ የሚፈጀው ጉልበት ከዚህ ልዩነት የመጣ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 7 — መንፋት

መንፋት ከማጠብ ይቀድማል። የማይፈለገውን ጠጠርና ዱቄት በደረቁ ያወጣ ሰው ውሃውን የሚያፈሰው ለሚፈልገው አሸዋ ብቻ ነው። እርጥብ አሸዋ ወንፊት ስለሚደፍን ጠዋት በሸራ ላይ በስሱ ተሰጥቶ ከሰዓት ተነፋ። አፍና አፍንጫ በማስክ ይሸፈን፤ የኳርትዝ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

ሦስት ወንፊት በተከታታይ፦ መጀመሪያ የግንበኛ ሽቦ፣ ቀዳዳው 5 ሚሊሜትር ገደማ፤ ኮረቱን፣ ሥሩን፣ የጆንያ ክሩን ያስቀራል። ቀጥሎ የመስኮት የትንኝ ሽቦ በእንጨት ክፈፍ ላይ ተወጥሮ። መጨረሻ የዱቄት ወንፊት፣ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር የሚጠጋ። በትንኝ ሽቦው ያለፈውና በዱቄት ወንፊቱ ላይ የቀረው ነው የሚፈለገው። በግምት ከጤፍ ፍሬ ጋር የሚመጣጠን ማለት ነው። (ያ የዱቄት ወንፊት ወደ ወጥ ቤት አይመለስም፤ ሲገዛ ሁለት መግዛት ነው።)

የትንኝ ሽቦ ሁሉ እኩል ስላልሆነ ቀዳዳውን መለካት ደግ ነው። ማስመሪያ አስጠግቶ በ20 ሚሊሜትር ውስጥ ያሉትን ቀዳዳዎች መቁጠር። 13 ከሆኑ አንዱ ከነሽቦው 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ የሽቦው ውፍረት ሩብ ሚሊሜትር ሲቀነስ 1.3 ገደማ ይቀራል።

ይህን ያህል መጠንቀቅ ለምን? ጥራጥሬው ከ2 ሚሊሜትር ሲበልጥ የአሳው ምግብ በመሐሉ ሾልኮ ይገባና አሳው ሳይደርስበት ይበሰብሳል። ከ0.3 ሚሊሜትር ሲያንስ ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ይተኛል፤ ውሃ አያሳልፍም፣ ከሥሩ ኦክሲጅን ያልቃል። ጎልድፊሽ የሚያኖር ሰው ሌላ ምክንያት አለው። ይህ አሳ አሸዋውን አፉ ውስጥ ከቶ፣ ምግቡን ለይቶ፣ ቀሪውን ይተፋል ወይም በጉንጩ ጎን ባለው መተንፈሻ ያወጣዋል፤ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ያለ ጠጠር ግን ጉሮሮው ላይ ሊሰነቀርበት ይችላል። ሁሉም መጠን የተደባለቀበት አሸዋ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ትንንሹ በትልልቁ መካከል ገብቶ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ለኮንክሪት የሚወደደው ባሕርይ ለአሳ የሚጠላው ነው።

የቀረው ኮረት ለአበባ ማሰሮ ሥር ሆነ፤ ደቃቁ ልስን ለሚሠራ ጎረቤት ተሰጠ።

እሑድ ማታ — ማግኔትና አቼቶ

ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በፌስታል ተጠቅልሎ በተዘረጋው ደረቅ አሸዋ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ጥቁር ብናኝ ይሰበስባል፤ ፌስታሉን ገልብጦ መጣል። ይህ ብረት አዘል ማዕድን ለአሳው መርዝ አይደለም። ጠላቱ መስታወቱ ነው፦ የመስታወት ማጽጃ ማግኔት የሚጠቀም ሰው አንድ ጥቁር ቅንጣት ከማጽጃው ሥር ከገባችበት የማይጠፋ ጭረት ያተርፋል። በስፖንጅ ለሚያጸዳ ይህ እርምጃ ይቅርበት።

አቼቶ የሚያስፈልገው ኖራ አዘል ጥራጥሬ መኖሩን ለማወቅ ነው። ኖራ በውሃ ውስጥ ቀስ እያለ እየሟሟ የውሃውን ጥንካሬ (በውስጡ የሟሟውን የማዕድን መጠን) እና ፒኤቹን (አሲድነቱ የሚለካበትን ቁጥር) ከፍ ያደርጋል። ሁለት ማንኪያ አሸዋ በስኒ፣ 5 በመቶ አቼቶ እስኪሸፍነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ደረቅ አሸዋ ፈሳሽ ሲነካው በቀዳዳው ያለው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ያለበት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አሸዋው አስቀድሞ በውሃ ይራስ፣ ይጠንፈፍ፣ ከዚያ አቼቶ ይፍሰስበት። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ከአንዳንዱ ቅንጣት ላይ ደቃቅ አረፋ በተከታታይ ከወጣ ኖራ አለ። ከዚህ ጆንያ ምንም አልወጣም። የባትሪ አሲድ ይሻላል የሚል ምክር ከተሰማ አለመቀበል ነው፤ አደጋው እንዳለ ሆኖ ሰልፈሪክ አሲድ የኖራውን ገጽ በጂፕሰም ሸፍኖ አረፋውን ቶሎ ሊያቆመው ስለሚችል ፍተሻው ራሱ ይዋሻል።

የተፈተሸው ስኒ ተደፋ፤ ወደ ዋናው አሸዋ አልተመለሰም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አሸዋው በሁለት ሳፋ ተዘፈዘፈ፤ ውሃው ከላዩ አንድ ስንዝር። ገለባ፣ ሥር፣ የቡና ገለፈትና ቀላል ጠጠር ተንሳፈፈ፤ በማጥለያ ተገፈፈ። አንዳንዱ ቀላል ጠጠር ውሃ ጠጥቶ ስለሚሰምጥ ዘፍዝፎ ወዲያው መግፈፍ ይሻላል፤ ሌሊቱን ካሳደሩ በኋላ ቀሪውን ለማውጣት ሳፋውን መነቅነቅ ያስፈልጋል። ይህ ጠጠር ቢቀር አያጠፋም፣ ግን መስታወቱ በሚጸዳ ቁጥር በቱቦው እየተሳበ ይወጣል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 — ማጠብ

የሥራው እምብርት ይህ ነው።

ባለ 20 ሊትር ባልዲ ሦስት ተሰለፈ። በአንድ ጊዜ 3 ኪሎ አሸዋ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ባልዲውን ግማሽ አሸዋ የሚሞላ ሰው እጁ ከሥር አይደርስም፤ ላይ ላዩን ሲያጥብ ይውልና ጭቃውን ወደ መስታወቱ ያስገባዋል። ውሃው ከአሸዋው በላይ 20 ሴንቲሜትር እንዲቆም 12 ሊትር ገደማ ይገባል። እጅ እስከ ወለሉ ገብቶ አሸዋውን ከሥር ወደ ላይ ይገለብጣል፤ ሰፌድ ላይ እህል ማንገዋለል የለመደ እጅ ይህን ሥራ ሳይነገረው ያውቀዋል። ከዚያ እጅን አውጥቶ እስከ አሥር መቁጠርና ውሃውን ሳያቋርጡ በአንድ ጊዜ ማንቆርቆር።

አሥር ሴኮንድ የሚባለው ለልማድ አይደለም። ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ ጥራጥሬ 20 ሴንቲሜትሩን በ3 ሴኮንድ ያህል ይወርዳል። 0.2 ሚሊሜትር የሆነው 9 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። 0.02 ሚሊሜትር ደለል ወደ 9 ደቂቃ፣ ከ0.002 ሚሊሜትር ያነሰ ሸክላ ደግሞ ከ15 ሰዓት በላይ። ስለዚህ በአሥር ላይ ሲንቆረቆር የሚፈለገው አሸዋ ሥር ላይ ተቀምጧል፣ የማይፈለገው ሁሉ ገና ውሃው ውስጥ ነው። አንድ ደቂቃ ጠብቆ የሚያንቆረቁር ሰው ደለሉን መልሶ አስተኝቶታል፤ ቢያጥብ ቢያጥብ የማያልቅለት ለዚህ ነው። በሁለት ሴኮንድ የሚደፋ ደግሞ አሸዋውን አብሮ ይደፋል።

ውሃን በተመለከተ። አምስት ጊዜ በአዲስ ውሃ ማለቅለቅ ቢታሰብ ለአንድ 3 ኪሎ 60 ሊትር፣ ለጠቅላላው 18 ኪሎ 360 ሊትር ይሄዳል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ አይታሰብም። መፍትሔው ውሃውንና አሸዋውን በተቃራኒ አቅጣጫ ማስኬድ ነው። አሸዋው ከአንደኛው ባልዲ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይሻገራል፤ ንጹሕ ውሃ የሚጨመረው ሦስተኛው ባልዲ ላይ ብቻ ነው። ከሦስተኛው የተንቆረቆረው ለሁለተኛው ይሆናል፣ ከሁለተኛው የወጣው ለአንደኛው፣ ከአንደኛው የወጣው ይደፋል። ቆሻሻው አሸዋ የሚያገኘው ቆሻሻውን ውሃ፣ የጠራው አሸዋ የጠራውን ውሃ ነው። በዚህ አካሄድ ለ3 ኪሎ 24 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ለሁሉም 150 ሊትር ያህል በቃ። አንድ በርሜል ሳያልቅ ማለት ነው።

ጭቃ ውሃው መታጠቢያ ሲንክ ውስጥ አይደፋም፤ ከሲንኩ ሥር ባለው ጉልበት ቱቦ ላይ ተኝቶ ይደርቃል። እንሰቱና ሙዙ ሥር ፈሰሰ፤ ለእነሱ ጥሩ አፈር ነው።

የት ይቆማል? በባልዲው ላይ በሚታየው ጥራት መፍረድ ያታልላል። አንድ እፍኝ የታጠበ አሸዋ በብርጭቆ አድርጎ፣ ከላዩ 10 ሴንቲሜትር ውሃ ጨምሮ፣ በማንኪያ በኃይል አዙሮ 30 ሴኮንድ መጠበቅ። ከብርጭቆው ጀርባ የጋዜጣ ጽሑፍ ይቀመጥና በውሃው ውስጥ አሻግሮ ይነበብ። ደቃቁ ጽሑፍ ከተነበበ ታጥቧል። ከዚያ በላይ መፈተግ ትርፉ ድካም ነው፤ ጥራጥሬዎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ አዲስ ብናኝ ስለሚያወጡ ውሃው መቼም ቢሆን ፍጹም አይጠራም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ውሃ አልመጣም። ሁለት ባለ 3 ኪሎ ድርሻ ሳይታጠብ ቀርቶ ነበር፤ የትናንቱ ደፍራሽ ውሃ በሳፋ ተቀምጦ ስለነበር በሽፈራው ፍሬ ተጣራ። ቅርፊቱ ተልጦ ነጩ ፍሬ ይወቀጣል፤ ለአንድ ሊትር እንዲህ ለደፈረሰ ውሃ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ። ዱቄቱ በትንሽ ውሃ ተበጥብጦ ይጨመራል፣ አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ በዝግታ ይማሰላል። የፍሬው ፕሮቲን ሸክላውን ይሰበስበዋል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከላይ ያለው ጠርቶ ይታያል። ቀስ ብሎ በቱቦ መሳብ ነው። ይህ ውሃ ለአንደኛው ባልዲ ብቻ ይውላል። ከፍሬው የሚቀረው ኦርጋኒክ ነገር በኋላ የባክቴሪያ ምግብ ስለሚሆን ለመጨረሻው ማለቅለቂያም ለመስታወቱም አይሆንም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 — ተህዋስ ማጥፋት

ሁለት መንገድ አለ፦ መቀቀል ወይም በረኪና። ሁለቱን መደራረብ አያስፈልግም።

መቀቀል ለትንሽ አሸዋ ጥሩ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለቀንድ አውጣ እንቁላልና ለትል ይህ ከበቂ በላይ ነው፣ 20 ደቂቃ ይንተክተክ። አደጋው ሌላ ነው። ከአሸዋው ሥር የታፈነ እንፋሎት በድንገት ሲፈነዳ የፈላ አሸዋ ይረጫል። ድስቱ ከሲሶው በላይ አሸዋ አይያዝ፣ በእንጨት ማንኪያ ያለማቋረጥ ይማሰል፣ ልጅ አይጠጋ። 17 ኪሎ በዚህ መንገድ መጨረስ የሚፈጀው ከሰል ግን ያሳዝናል።

ስለዚህ በረኪና። ሽታ ወይም ቀለም የተጨመረበት አይሆንም። 5 በመቶ የሆነው በአንድ ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር፤ አሸዋውን ለመሸፈን 10 ሊትር ስለበቃ 200 ሚሊ ሊትር ገባ። የፕላስቲክ ሳፋ እንጂ ብረት አይደለም። አንድ ሰዓት፣ በየሩብ ሰዓቱ እየተገለበጠ። በረኪናው ከማጠብ በኋላ የሚመጣው ጭቃና ብስባሽ ክሎሪኑን ስለሚጨርሱት ነው፤ ባልታጠበ አሸዋ ላይ ቢፈስ የሚገድለው ነገር ላይ ሳይደርስ ያልቃል። አቼቶና በረኪና በአንድ ዕቃ ፈጽሞ አይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ከዚያ ሁለት ጊዜ ተለቀለቀ፤ ይህኛው ውሃ ወደ ተክል አልተደፋም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12 — ፀሐይ

ሽቦ የተወጠረበት የቡና ማድረቂያ አልጋ ለዚህ ከሸራ ይበልጣል፤ ከሥርም አየር ስለሚያገኝ ቶሎ ይደርቃል። በላዩ የትንኝ መረብ ጨርቅ ተነጥፎ አሸዋው በ2 ሴንቲሜትር ውፍረት ተሰጣ። አልጋው ቡና የማይሰጣበት አሮጌ መሆን አለበት፤ ቡና ሽታ ይስባል፣ የክሎሪን ሽታ የነካው ቡና ቀማሽ ፊት አይቀርብም። በሌሊት ጤዛ ስለሚወርድ ማታ ማታ ተሸፈነ። ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ። ሲያበቃ እፍኙን ወደ አፍንጫ አስጠግቶ ማሽተት፤ የክሎሪን ሽታ ካለ አንድ ቀን ይጨመር።

እሑድ፣ ኅዳር 14 — ዳግም ፍተሻና ማስገባት

የጠርሙሱ ፍተሻ በጨው ተደገመ፦ በ50 ሚሊሜትር ላይ ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላ። ከ1 በመቶ በታች ነው። ይበቃል።

ከማስገባቱ በፊት ስለ መቀመጫው። መስታወቱ ብቻውን 18 ኪሎ፣ አሸዋው 17፣ ውሃው ወደ 90 ሊትር፤ ድምሩ ከ120 ኪሎ ያልፋል። ጠረጴዛው በግንበኛ ውሃ ልክ ተስተካክሎ ከመስታወቱ ሥር 1 ሴንቲሜትር ፎም ተነጠፈ። ከሥር የተረሳች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መስታወቱን ልትሰነጥቅ ትችላለች፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ ቤቱ ውስጥ አሸዋ የሌለበት ቦታ የለም። ጠረጴዛው ሁለቴ ተጠረገ።

ትልልቅ ድንጋይ ከአሸዋው ይቀድማል። በስሱ ፎም ላይ ሆኖ የመስታወቱን ወለል ይርገጥ፤ አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ አሳው ሥሩን ሲቆፍር ይንሸራተታል። ከዚያ አሸዋው ትንሽ ረጥቦ በጣሳ ገባ፤ ከፊት 3፣ ከኋላ 5 ሴንቲሜትር። እርጥቡ አይቦንንም፣ ቅርጽም ይይዛል። ቁልቁለቱ ኩስና ትራፊ ወደ ፊት እንዲንሸራተት ያደርጋል፤ ለማጽዳት ምቹ ነው። ከኋላም ከ5 አይብለጥ።

ውሃ ሲሞላ ሰሐን አሸዋው ላይ፣ ከሰሐኑ በላይ የተዘረጋ ፌስታል፣ ውሃው በቀጭኑ ፌስታሉ ላይ። የመጀመሪያው 20 ሊትር በጣም በዝግታ፤ ውሃው አንድ ስንዝር ካለፈ በኋላ መፍጠን ይቻላል። የቧንቧ ውሃው በክፍት በርሜል 24 ሰዓት አድሯል። ፌስታሉ ሲወጣ አንዱን ጥግ ይዞ በቀስታ መሳብ። ማጣሪያው እስካሁን ጠፍቶ ነው፤ ተንሳፋፊ አሸዋ ሞተሩ ውስጥ ያለችውን ዘንግ ይፈጫታል። የማጣሪያው መምጠጫ ከአሸዋው ቢያንስ 7 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ አፉ በስፖንጅ ተሸፍኖ ተገጠመ። ከጠጠር ሥር የሚቀበር የሳህን ማጣሪያ ያለው ሰው አሸዋ አያስገባ፤ ሁሉም በቀዳዳው ይወርዳል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ትናንት ስስ ጭጋግ ነበር፤ ዛሬ ጠርቷል። ማጣሪያው ተከፈተ።

ጭጋጉ ከሁለት ቀን ቢያልፍ መለየት ያለበት ዓይነቱ ነው። ከሞላበት ሰዓት ጀምሮ ቡኒ ወይም ግራጫ ሆኖ የቆየ ሸክላ ነው፤ በብርጭቆ ተቀድቶ ቢያድር ሥሩ ላይ ዝቃጭ ይታያል። መጀመሪያ ጠርቶ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን እንደ አጓት የነጣ ግን ባክቴሪያ ነው፤ ቢያድርም አይዘቅጥም፣ ምንም ሳይነካ በራሱ ይሄዳል። ለሸክላው ግማሹን ውሃ መቀየርና ማጣሪያው ላይ ጥጥ መጨመር ይረዳል። ለባክቴሪያው ውሃ መቀያየር ነገሩን ማራዘም ነው። ሁለቱን ሳይለዩ አሸዋውን አውጥቶ እንደገና ማጠብ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ የታጠበ አሸዋ ነው የሚያጥበው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1

አሸዋው ላይ ቡኒ ስስ ሽፋን ታይቷል። ዲያቶም የሚባል ደቃቅ አልጌ ነው፤ አዲስ መስታወት ላይ የተለመደ ነው፣ ሳምንታት ሲያልፉ ይጠፋል። አሳ እስካሁን አልገባም፤ ከኩስ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አሸዋውና ስፖንጁ ላይ እስኪሰፍሩ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ወር የጅማ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ስለሚችል ማሞቂያ የሌለው መስታወት ከዚህም ይዘገያል። መቸኮል የለም፤ ፈሳሽ የፍተሻ ጠብታ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ እስኪል ይጠበቃል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19 — የማጽጃው ቱቦ

ለጠጠር የተለመደው አሠራር፣ ቱቦውን ወደ ውስጥ መሰካት፣ አሸዋ ላይ አይሠራም፤ አሸዋውን ጠጥቶ ባልዲ ይሞላል። የተሠራው ይህ ነው፦ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት ብርሃን የሚያስተላልፍ ቱቦ፣ የውስጡ ስፋት 12 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር። ጫፉ ላይ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ የላይኛው ግማሽ፤ አንገቱ በቱቦው ተገጥሟል። ጠርሙሱ ሰፊ ስለሆነ በውስጡ የውሃው ፍጥነት ይቀንሳል፤ አሸዋው ትንሽ ተነስቶ ይመለሳል፣ ኩሱ ግን ቀሎ ይሄዳል። አፉ ከአሸዋው 2 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ በዝግታ ይዙር፤ አሸዋ መሳብ ከጀመረ ቱቦውን በጣት ቆንጠጥ ማድረግ ነው። ቱቦውን በአፍ መምጠጥ አያስፈልግም፤ ሙሉውን ውሃ ውስጥ አስምጦ፣ አንዱን ጫፍ በአውራ ጣት ዘግቶ ወደ ባልዲ ማውረድ ይበቃል። በሳምንት ሲሶ ውሃ፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

በየሁለት ሳምንቱ አሸዋው በቀጭን የቀርከሃ ዘንግ እየተወጋ ይነቀነቃል፣ በአንድ ጊዜ ግማሹ ብቻ። ትንንሽ አረፋ ሲወጣ ሽታ ከሌለው ችግር አይደለም። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነና በመስታወቱ በኩል ጥቁር እድፍ ከታየ ሥሩ ኦክሲጅን አጥቷል፤ ያኔ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መገልበጥ ለአሳው አደጋ ነው። አሳውን ወደ ሌላ ዕቃ አዛውሮ ያንን ቦታ በቱቦ ስቦ ማውጣትና በአዲስ አሸዋ መተካት ይሻላል። ሜላኖይደስ የሚባለው ሾጣጣ ቀንድ አውጣ፣ በአገራችን ሐይቆችም የሚገኘው፣ ቀን አሸዋ ውስጥ እየተቀበረ ይህን የመነቅነቅ ሥራ ያግዛል። ሆኖም ከሐይቅ ለቅሞ በቀጥታ ማስገባት ጥገኛ ትል ይዞ መምጣት ስለሆነ፣ መስታወት ውስጥ ከተራባ ሰው መቀበል ነው።

ከታጠበው የተረፈው 1 ኪሎ ያህል አሸዋ በደረቁ፣ ክዳን ባለው ባልዲ ተቀምጧል፤ በጽዳት የሚወጣውን ለመተካት ነው። ሲጨመር አንዴ ለቅልቆ በቁራጭ የላስቲክ ቱቦ ወደ ሥር ማውረድ ነው፤ ከላይ የተበተነ አሸዋ ቅጠል ላይ ተቀምጦ ይቀራል።